የጋት ፈተና የ"ከሆነ" ጥያቄዎች፦ እኔ አጥንቼ ሳትኩ፣ ወንድሜ ሳያጠና አገኘው

የአዌቱ_ዳር

ሰላም ናችሁ ወገን። ጅማ ነው ያለሁት፣ መንግስት መስሪያ ቤት እየሰራሁ ለማስተርስ ጋት ልፈተን እየተዘጋጀሁ ነው፣ ፐብሊክ ፖሊሲ ነው ያሰብኩት። ቨርባሉ እምብዛም አያስቸግረኝም ሒሳቡም እንደምንም ይገፋል፣ እኔን ያቃጠለችኝ ያቺ ከተማ አስተዳደሩ እንዲህ ካደረገ እንዲህ ይሆናል፣ ይሄ ካልሆነ በስተቀር ያኛው አይሆንም እያለች አራት አምስት አረፍተ ነገር ደርድራ "የግድ እውነት የሚሆነው የቱ ነው?" የምትለው ጥያቄ ናት። ፍሬሽማን ሆኜ ሎጂክ ወስጃለሁ፣ እንዳውም ቢ ነው ያገኘሁት፣ ግን ፈተናው ሲያልቅ አብሮ ያለቀ ነው ሚመስለኝ።

ትናንት ማታ መብራት ሄዶ በስልክ ብርሃን የሰራሁት ይሄ ነው። ቴሌግራም ላይ ከሚዞሩት ፒዲኤፎች የወሰድኩት ነው፣ እንግሊዝኛ ስለሆነ ደብተሬ ላይ ወደ አማርኛ መልሼ እንደጻፍኩት ላስቀምጠው፦

1. ምክር ቤቱ ፌስታል ካገደ የጨርቅ ዘንቢል የሚሰፉ ማህበራትን ይደግፋል
2. በጀቱ ከጸደቀ ምክር ቤቱ ማህበራቱን ይደግፋል
3. የገበያ ቦታ ኪራይ ካልጨመረ በስተቀር በጀቱ አይጸድቅም
4. የገበያ ቦታ ኪራይ አልጨመረም

ሀ) በጀቱ ጸድቋል ለ) ፌስታል አልታገደም ሐ) ማህበራቱ እየተደገፉ ነው መ) ስለ ፌስታሉ ምንም ማለት አይቻልም

እኔ መ አልኩ። ምክንያቴ፣ ኪራይ አልጨመረም ስለዚህ በጀት አልጸደቀም፣ እዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ግን በጀቱ ከጸደቀ ይደግፋል ነው እንጂ ካልጸደቀ አይደግፍም አላለም፣ ይሄ ያ ዲናይንግ ዘ አንቲሲደንት የሚሉት ስህተት ነው፣ እሱን በደንብ አስታውሳለሁ መምህራችን እየደጋገመ ስለነገረን። በጀት ባይጸድቅም ከሆነ ድርጅት እርዳታ አግኝተው ሊደግፉ ይችላሉ አይደል። ስለዚህ ማህበራቱ ይደገፉ አይደገፉ አይታወቅም፣ ፌስታሉም አይታወቅም። መልሱን ሳየው ለ ይላል!!

የሚያናድደው ደሞ ታናሽ ወንድሜ 11ኛ ክፍል ነው፣ አጠገቤ ቆሎ እየቆረጠመ ሰምቶኝ "እንዴ በጀት ከሌለ በምን ይደግፋሉ፣ ካልደገፉ ደሞ ፌስታል አላገዱም፣ አለቀ" አለኝ፣ 10 ሰከንድ አልፈጀበትም። ሎጂክ የሚባል ተምሮ አያውቅም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ወይስ መልሱ?

---

በርጩማ3

አካሄድሽ ንጹህ ነው እህቴ፣ መልሱም ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ የምጠረጥረው 2ኛዋን አረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛው ላይ ኢፍ ብቻ ነው የሚለው ወይስ ኦንሊ ኢፍ?

---

የአዌቱ_ዳር

ቆይ ልየው

ኦንሊ ኢፍ ነው። ልዩነት አለው እንዴ? ኦንሊዋ ለማጠንከር የገባች መስሎኝ ነው የተውኳት

---

በርጩማ3

እሷ ናት የበላችሽ። ማጠንከሪያ አይደለችም፣ አረፍተ ነገሩን ገልብጣ የምታስቀምጥ ቃል ናት።

"በጀቱ ከጸደቀ ይደግፋል" ስትይ በጀቱ በቂ ነው ማለትሽ ነው፣ እሱ ብቻውን ድጋፉን ያመጣዋል፣ ሌላም መንገድ ግን ሊኖር ይችላል (አንቺ ያልሽው የእርዳታ ድርጅት)። "የሚደግፈው በጀቱ ከጸደቀ ብቻ ነው" ስትይ ግን በጀቱ የግድ ነው፣ ያለ እሱ ምንም የለም፣ በጀቱ ጸድቆም ላይደግፉ ይችላሉ። አንደኛው ከበጀት ወደ ድጋፍ ይወስድሻል፣ ሁለተኛው ከድጋፍ ወደ በጀት። አንቺ በተረጎምሽው ከሄድን መ ትክክል ነው፣ ደብተርሽ ላይ ያለው ጥያቄና ፒዲኤፉ ላይ ያለው ጥያቄ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

እኔ አምና ስዘጋጅ ያገዘችኝን ልንገርሽ፣ ከማንም መጽሐፍ አይደለም የራሴ ናት። እነዚህን ሁሉ "ያለ እንትን እንትን የለም" ወደሚል አማርኛ እመልሳቸዋለሁ። ኦንሊ ኢፍም፣ ካልሆነ በስተቀርም፣ ተራው ከሆነም ሁሉም እዚች ቅርጽ ውስጥ ይገባሉ፦

ያለ ድጋፍ፣ የፌስታል እገዳ የለም
ያለ በጀት፣ ድጋፍ የለም
ያለ ኪራይ ጭማሪ፣ በጀት የለም

ኪራይ አልጨመረም ሲልሽ ከታች ጀምሮ ተራ በተራ ይናዳል፣ በጀት የለም፣ ድጋፍ የለም፣ እገዳ የለም። ለ ነው።

የመጀመሪያዋ ትንሽ ጆሮ ይከብዳታል፣ ምክንያቱም ድጋፉ ከእገዳው በኋላ የሚመጣ ነው ሚመስለው፣ "ያለ ድጋፍ እገዳ የለም" ስትይ ቀድሞ መኖር ያለበት ይመስላል። ሎጂኩ ግን የቱ ቀደመ የቱ ተከተለ ግድ አይሰጠውም፣ እገዳ ባለበት ሁሉ ድጋፍ አለ ካልን ድጋፍ በሌለበት እገዳ የለም፣ በቃ። እኔ በዚች በዚች ብዙ ጊዜ ነው የተደናበርኩት።

---

ቂጦ_ልጅ

ኧረ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል ቀስት ሳሉ በቃ። ፌስታል → ድጋፍ → በጀት → ኪራይ። ቀስቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ አለ አለ አለ፣ ወደ ግራ ስትመለስ የለም የለም የለም። ከዛ ውጪ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። እኛ ኢንጂነሪንግ ላይ እንዲህ ነው ምንሰራው

---

የአዌቱ_ዳር

@ቂጦ_ልጅ ቀስቱን እኔም ስያለሁ እኮ፣ አንዷን ገልብጬ ነው እንጂ የሳልኳት 😂

@በርጩማ3 በጣም አመሰግናለሁ፣ ያለ እንትን የምትለዋ ገባችኝ። ግን ወንድሜስ? እሱ የሰማው እኔ ጮክ ብዬ ያነበብኩትን የተሳሳተውን ትርጉም ነው። እንግሊዝኛውን አላየም። ታዲያ እንዴት አገኘው

---

በርጩማ3

ወንድምሽ ያገኘው ተሳስቶ ነው፣ ሁለት ስህተት ተደራርቦ ቀና። አንቺ ብቻን ጣልሻት፣ እሱ ሳያውቅ መልሶ ጨመራት።

ሰው ሁሉ እንደዛ ነው የሚሰማው። እናት ልጇን "ሳህን ካጠብክ ብስኩት እገዛልሃለሁ" ብትለው ልጁ ካላጠብኩ አይገዛልኝም ብሎ ነው የሚያጥበው። እሷ ግን አላለችም! ባያጥብም ልትገዛለት ትችላለች፣ ቃሏን አላጠፈችም። እኛ ግን ከሆነ ስንባል ከሆነ ብቻ ብለን እንሰማለን፣ ካልሆነማ ለምን ሁኔታውን ጠቀሰችው ብለን። ለኑሮ ጥሩ ነው፣ ለጋት ግን ይጥላል። እስቲ ይቺን ጠይቂው፦ "ምክር ቤቱ ፌስታል ካገደ የቆሻሻው መጠን ይቀንሳል። ምክር ቤቱ ፌስታል አላገደም።" ቆሻሻው ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም?

---

ጡረተኛ_መምህር

ልጆቼ ደህና ናችሁ ወይ። እዚህ የምትሉትን እያነበብኩ ነው፣ እኔ ሎጂክ አላስተማርኩም አማርኛ ነው ያስተማርኩት፣ ግን ይሄን ነገር ተረትና ምሳሌያችን ውስጥ በደንብ ታገኙታላችሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል አይደል? ይሄ ራሱ ኮንዲሽናል የምትሉት ነው። ከዚህ ተነስታችሁ በእርግጠኝነት የምታወጡት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ድሩ አብሯል ከተባላችሁ አንበሳው ታስሯል። አንበሳው አልታሰረም ከተባላችሁ ድሩ አላበረም። ጨረሳችሁ። አንበሳ ታስሮ ብታገኙት ድር ነው ያሰረው ማለት አትችሉም፣ በሰንሰለትም ይታሰራል። ድሩ አላበረም ቢባልም አንበሳው ነጻ ነው አይባልም፣ ያው ሰንሰለቱ አለ።

ሌላም ልጨምር፣ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እንባ አልወጣ ያለው ሰው ከአንጀቱ አላለቀሰም፣ ይሄ ያስኬዳል። እንባው የወረደ ሁሉ ግን ከአንጀቱ አለቀሰ ልትሉ ነው? ባለቤቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ናችሁ ያላያችኋት።

አንድ ነገር ደሞ ልብ በሉ፣ የኛ "ከ" ብዙ ፊት አላት። "ከመጣ እነግረዋለሁ" ሁኔታ ነው። "ከመጣ ሳምንት ሆነው" ግን ሁኔታ አይደለም፣ መጥቷል ያለቀ ነገር ነው። "ቢዘንብም እሄዳለሁ" ሲባል ደሞ ዝናቡ ጭራሽ ሁኔታ መሆኑ ቀርቷል፣ ዘነበ አልዘነበ መሄዱ አይቀርም። ልጅቷ ስትተረጉም በተቻለ "ከ" ብላ ብቻ አትለፈው፣ ምን ዓይነት "ከ" እንደሆነች ትጠይቃት።

---

ቂጦ_ልጅ

ጋሼ ሽንኩርቷ ገደለችኝ 😂😂 ጋት ላይ እሷን እያሰብኩ ነው ምገባው

---

ነጋሪት_አንባቢ

በመጀመሪያ ደረጃ ወንድሟን እንዲህ መሳቂያ ባታደርጉት ጥሩ ነው፣ እኔ የሕግ ሰው ነኝ፣ እኛ ቤት እሱ ያደረገውን ነገር ጠበቃ ሁሉ ያደርገዋል። ሕጉ አንዱን ለይቶ ከጠቀሰ ያልጠቀሰውን ማስቀረቱ ነው ተብሎ ይከራከሩበታል፣ አንዳንዴም ይረታሉ። ሕግ አውጪው ቃል አያባክንም ከሚል ነው። ስለዚህ ዲናይንግ ምናምን እያላችሁ ሁልጊዜ ስህተት ነው የምትሉት ነገር ፈተና ክፍል ውስጥ ነው እንጂ በትርጓሜ ዓለም እንደ አገባቡ ነው።

ግን ደግሞ ይሄ አካሄድ ሰው ገደል ሲከት አይቻለሁ። ፌስታል ስላነሳችሁ በፌስታል ልቀጥል፣ የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ፣ ቁጥር 513 ማለቴ ነው፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ የፕላስቲክ ከረጢት ለማምረትም ሆነ ለማስመጣት ፈቃድ መስጠትን ይከለክል ነበር። አንድ ነጋዴ መጥቶ "የኔ 0.05 ነው ስለዚህ ተፈቅዶልኛል" ቢል ትክክል ነው? አይደለም። አዋጁ 0.03 ከሆነ ክልክል አለ እንጂ ካለፈ ይፈቀዳል አላለም፣ እዚያው አዋጅ ላይ ደግሞ በስብሶ የሚጠፋ መሆን አለመሆኑ ያልተጻፈበት ከረጢት ገበያ ላይ እንዳይውል ሌላ ክልከላ ነበር። 0.05 ሆኖ ጽሑፍ ከሌለው በዚያኛው ይያዛል። በኋላ በ2017 ፓርላማው ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ፌስታልን ራሱን ሲከለክል ይሄ የውፍረት ጨዋታ ቀረ።

ሌላ ምሳሌ ከሕገ መንግሥቱ ልስጣችሁ፣ አንቀጽ 93። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ምክር ቤቱ በስብሰባ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብለታል ይላል። አሁን ምክር ቤቱ በስብሰባ ላይ ባይሆንስ? እንደ ወንድምሽ ካልን "መቅረብ አያስፈልገውም" ልንል ነው፣ እንደ ፈተናው ካልን ደግሞ "አይታወቅም"። አርቃቂዎቹ ለሁለቱም አልተዉትም፣ ምክር ቤቱ በስብሰባ ላይ ካልሆነ በ15 ቀን ብለው ሁለተኛውን መንገድ ራሱን ችሎ ጻፉት። አንዱ "ከሆነ" ስለሌላኛው ምንም ስለማይናገር ነው ሁለቱንም መጻፍ ያስፈለጋቸው።

እዚያው ላይ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልጸደቀ ወዲያውኑ ይሻራል ይላል። እና አንድ አዋጅ ዛሬ በሥራ ላይ የለም ብትባሉ "አልጸደቀም ነበር ማለት ነው" ማለት ትችላላችሁ? አትችሉም፣ ጸድቆ ስድስት ወሩን ጨርሶ ሳይታደስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። መምህር ያሉት የአንበሳው ሰንሰለት ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ በትርጉም ተሳሳትኩ ላልሽው፣ አዋጅ ቢሆን ኖሮ ባንቺ ይፈረድልሽ ነበር። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ 3/1987 አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው ይላል። ጋት ላይ ግን እንግሊዝኛው ነው የሚጸናው።

---

የአዌቱ_ዳር

ጋሼ ያንን የ0.03ቱን አላውቅም ነበር፣ ፖሊሲ ላጠና ነው እያልኩ 🙈

ወንድሜን ጠየቅኩት። "አልቀነሰም" አለ ወዲያው። ለምን ስለው "ካገደ ይቀንሳል አልሽ፣ አላገደም፣ ስለዚህ አልቀነሰም"። እኔ ደሞ አሁን አውቄበት ሰዉ ራሱ ዘንቢል ይዞ መውጣት ቢጀምርስ አልኩት፣ "እንደዛ ካልሽማ ምንም ጥያቄ አይመለስም" ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። እናቴ ደሞ ከጓዳ "ልጄን ምን አድርገሽው ነው" እያለች ነው

---

በርጩማ3

ሃሃሃ እናትሽ ይቅር ይበሉን። ሲመለስ በዚች አስታርቂው፣ እሱ የሚወድቅበትም የሚያሸንፍበትም አላት።

አራት ካርድ ቆርጠሽ ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ። እያንዳንዱ በአንድ በኩል ፊደል በሌላ በኩል ቁጥር አለው። ከላይ የሚታየው ሀ፣ መ፣ 4፣ 7 ነው። ሕጉ "በአንድ በኩል ሀ ካለ በሌላው በኩል 4 አለ" ነው። ሕጉ መከበሩን ለማወቅ የግድ መገልበጥ ያለበት የቱ የቱ ካርድ ነው?

አብዛኛው ሰው ሀ እና 4 ይላል። ልክ አይደለም፣ ሀ እና 7 ነው። 4ን ብትገለብጪው ሀ ቢኖር መ ቢኖር ሕጉ ምንም አይሆንም፣ 4 ሀ ብቻ ነው የሚይዘው አልተባለምና። 7 ጀርባ ላይ ሀ ከተገኘ ግን ሕጉ ተጥሷል። ይሄን ፈተና ያወጣው ፒተር ዋሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሳይኮሎጂስት ነው፣ በፈረንጅ 1966፣ የተማረ የተመራመረውን ሁሉ ነው የጣለው።

አሁን ያንኑ ጥያቄ እንዲህ አድርጊው። አዋጅ 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቺ ተቆጣጣሪ ሆነሽ ፈረንጅ አራዳ አንድ ቤት ገባሽ እንበል፣ አራት ሰው ተቀምጧል። አንዱ ቢራ ይዟል ዕድሜውን አታውቂም። አንዱ ኮካ ይዟል ዕድሜውን አታውቂም። አንዱ 30 ዓመቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን አታውቂም። አንዱ 17 ነው፣ የእሱንም ብርጭቆ አታውቂም። ማንን ትጠይቂያለሽ?

ወንድምሽ ሳያስብ ቢራ የያዘውንና የ17 ዓመቱን ይልሻል። እናትሽም ይሉሻል። ካርዱ ላይ ሀ እና 7 ማለት እኮ እሱ ነው፣ ቢራው ሀ ነው፣ 17ቱ ደግሞ 7። ግሪግስና ኮክስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈረንጅ 1982 ፍሎሪዳ ውስጥ ሞክረውታል፣ እዚያ የመጠጥ ዕድሜ ያኔ 19 ነበር፣ በካርድ የወደቁት ተማሪዎች በቢራው ጊዜ አብዛኞቹ አገኙት።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት ይሄን ነው፣ የፖሊሲ ጥያቄ ሲመጣልሽ ተማሪ ሆነሽ አታንብቢው፣ ተቆጣጣሪ ሆነሽ ግቢበት። "ይሄን ሕግ ማን ነው ሊጥሰው የሚችለው?" በይ። የሚጥሰው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፣ የፊተኛውን አሟልቶ የኋለኛውን ያላሟላ። ኮካ የያዘው አይጥስም የ30 ዓመቱም አይጥስም፣ ስለነሱ ሕጉ ዝም ነው ያለው። አንቺ "አይታወቅም" ያልሽው ደመነፍስ ልክ ነበር እኮ፣ ቦታው ነው የተሳሳተው።

---

ነጋሪት_አንባቢ

የቢራው ምሳሌ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር አለፍክ። "ሀ ካለ 4 አለ" የሚለው ስለ ካርዱ የሚናገር ነው፣ 7 ጀርባ ላይ ሀ ከተገኘ አረፍተ ነገሩ ውሸት ሆነ። የአልኮሉ ግን ትዕዛዝ ነው፣ የ17 ዓመት ልጅ ቢራ ሲጠጣ ብትይዘው አዋጁ ውሸት አይሆንም፣ ተጣሰ እንጂ። ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ ማለፍ ለሕግ ሰው ይከብዳል።

---

በርጩማ3

እውነትህን ነው ጋሼ፣ እሱን መለየት ነበረብኝ። ፈተናው ላይ ግን የተሰጠሽ ሁሉ እንደተፈጸመ ነው የሚወሰደው፣ "ይደግፋል" ካለ ደግፏል።

---

ቂጦ_ልጅ

እሺ ንግግሩ በዛ፣ እኔ አንድ ላውጣ ሁላችሁም ስሩ። ጥያቄው የፈጠራ ነው ከእውነተኛው ደምብ ጋር እንዳታምታቱት

1. ባጃጅ ማታ የሚሰራው የምሽት ፈቃድ ካለው ብቻ ነው
2. የምሽት ፈቃድ ያለው ባጃጅ ሁሉ የማህበር አባል ነው
3. መድን ካልገዛ በስተቀር አባል መሆን አይቻልም

ቢጫው ባጃጅ መድን አለው። ሰማያዊው አባል አይደለም። አረንጓዴው የምሽት ፈቃድ አለው።

የግድ እውነት የሚሆነው የቱ ነው?
ሀ) ቢጫው አባል ነው ለ) ሰማያዊው ማታ አይሰራም ሐ) ሰማያዊው መድን የለውም መ) አረንጓዴው መድን አለው ሠ) አረንጓዴው ማታ ይሰራል

ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል

---

ቡና_ጠጡ

ለ፣ መ እና ሠ። ቀላል ነው

---

የአዌቱ_ዳር

@ቡና_ጠጡ ሠ አይመስለኝም! ቆይ እኔ ልሞክረው ሳትናገሩ

ያለ ምሽት ፈቃድ የማታ ሥራ የለም
ያለ አባልነት የምሽት ፈቃድ የለም
ያለ መድን አባልነት የለም

ቢጫው መድን አለው፣ መድን ያለው ሁሉ አባል ነው አልተባለም ስለዚህ ሀ አይሆንም። ሰማያዊው አባል አይደለም፣ ስለዚህ ፈቃድ የለውም፣ ስለዚህ ማታ አይሰራም፣ ለ ልክ ነው። መድን ግን ሊኖረው ይችላል፣ አባል ያልሆነ ሰው መድን አይገዛም ያለ የለም፣ ሐ ወደቀ። አረንጓዴው ፈቃድ አለው፣ አባል ነው፣ መድን አለው፣ መ ልክ ነው። ሠ ላይ ግን ፈቃድ ስላለው የግድ ማታ ይሰራል ማለት አይደለም፣ ፈቃዱን ኪሱ ከቶ ሊተኛ ይችላል። እዚህ ጋ ነው ያቺ ብቻ የምትለዋ ያለችው። ለ እና መ።

---

ቂጦ_ልጅ

አንደኛ!! ትክክል 👏 @ቡና_ጠጡ የእህታችን የመጀመሪያ ስህተት ላይ ነህ፣ ኦንሊ ኢፍን እንደ ኢፍ ነው ያነበብከው

---

ቡና_ጠጡ

አማርኛው እኮ "ፈቃድ ካለው" ይላል፣ ካለው ሲል ካለው ይሰራል ብዬ ነው። ብቻዋ መጨረሻ ላይ ናት አይታየኝም

---

ጡረተኛ_መምህር

ልጄ እሷ ናት ዋናዋ። በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩን እስከ አራት ነጥብ ድረስ ሳታነብ አትወስን። "የሚሰራው... ብቻ ነው" ሲል "የሚ" ብሎ የጀመረውን ከ"ብቻ ነው" ጋር አጣምረህ አንብብ። በእርሳስ ክበብ አድርግባት።

---

በርጩማ3

መምህር ያሉት ላይ አንድ ልጨምር፣ ከዚህ ዓይነት "ብቻ" በኋላ መንግስት ልዩ ሁኔታ ሲጨምር ሁሉም ይቀየራል። የ12ኛ ክፍሉን አስታውሱ፣ የ2014 ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው 50 ያመጣ ብቻ ነው ተባለ፣ ያኔ ግቢ ውስጥ አንድ አዲስ ተማሪ ካገኘሽ 50 አምጥቷል ማለት ትችያለሽ። 50 ላልሞሉት ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ሲመጣ ግን ያው ሰንሰለት ተበጠሰ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ሁሉ 50 አምጥቷል ማለት ቀረ። ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ "ከ... በቀር" "ካልተፈቀደለት በስተቀር" የምትል ጭራ ካለች ፈልጊያት፣ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ወይ አምስተኛ አረፍተ ነገር ላይ ሸሽገው ነው የሚያስቀምጧት።

---

የአዌቱ_ዳር

እሺ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼንም መምህርንም በጣም። ዛሬ ከዛው ፒዲኤፍ 12 ጥያቄ ሰርቼ 10 አገኘሁ፣ ሁለቱን የሳትኩት አንደኛው ችኮላ ነው፣ አንደኛው ግን አሁንም መልሱ ነው የተሳሳተው ባይ ነኝ ነገ አመጣዋለሁ።

ወንድሜም ታርቋል፣ ካርዱ ላይ ሀ እና 4 አለ፣ ቢራው ላይ ወዲያው አገኘው፣ ከዛ በራሱ ጊዜ ካርዱን መልሶ አስተካከለው። ግን የባጃጁን ጥያቄ ሳነብለት "ለ ውሸት ነው፣ ትናንት ማታ ከመናኸሪያ ያመጣን ባጃጅ ሰማያዊ ነው ሹፌሩም የምሽት ፈቃድ የለኝም ሲል ሰምቼዋለሁ" አለ 😂 ምን ልበለው

---

ነጋሪት_አንባቢ

ይሄው፣ ያልኩት መጣ። ተጣሰ በይው።

---

ቂጦ_ልጅ

ስንት አስከፈላችሁ ግን

---

የአዌቱ_ዳር

እጥፍ! ፈቃድ ስለሌለኝ ነው ይላል ደሞ፣ ብያዝ የምቀጣውን ጨምሬ ነው ብሎ

---

ቡና_ጠጡ

እሱ ሎጂክ ነው ያለው 😂